የተርናቴ ከበባ በሶዶ ሜዳ

ድራማው ስለ ሩቅ አገር እንዲሆን የመረጥኩት ሰላም ፈልጌ ነው። ባለፈው ዓመት የትምህርት ቤታችን የቲያትር ክበብ የራሳችንን አገር የድሮ ጦርነት ሊሠራ ተነስቶ ያየሁትን አይቻለሁ። አንዱ የእኔ ቅድመ አያት ከንጉሡ ቀኝ ነበር የቆመው ይላል፤ ሌላው የእናንተማ ገና አቧራ ሲያይ ነው የሸሸው ይለዋል፤ አንዲት ሴትዮ ከሁምቦ ድረስ መጥተው የአያታቸው ስም ለምን አልተጠራም ብለው ቢሮዬ ውስጥ አለቀሱ። ድራማው ሳይታይ ቀረ። ዘንድሮ ታዲያ ማንም «ዘመዶቼ ናቸው» የማይላቸውን ሰዎች፣ ማንም «ርስቴ ነው» የማይለውን ደሴት ፈልጌ አገኘሁ። ታሪክ ማስተማር የሚጠቅመው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

ደሴቷ ተርናቴ ትባላለች። ዛሬ ኢንዶኔዥያ በምንለው አገር ውስጥ ናት፤ መሃሏ እሳተ ገሞራ፣ ዙሪያዋ ቅርንፉድ። እኛ ሻይ ውስጥ ጣል የምናደርጋት ቅርንፉድ በዚያ ዘመን ነገሥታትን ታጣላ ነበር። ከአራት መቶ ዓመት በፊት ፖርቹጋሎች ከህንድ በኩል፣ ስፔኖች ከማኒላ በኩል መርከብ አሰልፈው መጡና የደሴቷን ሱልጣን ከበቡት። ሁለቱም የሚገዙት ለአንድ ንጉሥ ነው፤ እርስ በርሳቸው ግን ዓይንህን ላፈር የሚባባሉ ነበሩ። ሱልጣኑ ግንቡን ዘግቶ ተቀመጠ። ሳምንታት አለፉ፣ የከበቡት ሰዎች ታመሙ፣ ባሩዳቸው አለቀ፣ መርከባቸውን አዙረው ሄዱ። ድራማዬን እዚህ ላይ ቋጨሁት። ሕዝቡ አጨብጭቦ በደስታ ወደ ቤቱ እንዲሄድ ነበር ፍላጎቴ።

ሱልጣኑን የሚሠራው ደግፌ ነው። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ቁመቱ የሱልጣን፣ ድምፁ የዲያቆን። የስፔኑ አለቃ የስፖርት አስተማሪያችን ቶማ ሆነ። የፖርቹጋሉን አለቃ ሊሠራ የነበረው ሰው ግን ሊታይ ሳምንት ሲቀረው ታይፎይድ ይዞት ተኛ። ሌላ ሰው ለማለማመድ ጊዜ አልነበረኝም፤ ድምፁ ሜዳ የሚሞላ፣ ቃል ቶሎ የሚይዝ ሰው ያስፈልገኝ ነበር። ወንድሜ ጌታሁን ከሶዶ ሻንቶ ሚኒባስ ይነዳል። ሾፌር ከመሆኑ በፊት ዓመታት በረዳትነት ስለሠራ «ሻንቶ፣ ሻንቶ» ሲል ከመናኸሪያው አልፎ ገበያው ድረስ ይሰማ ነበር። ለመንኩት፤ እሺ አለኝ።

ጌታሁንና አባታችን ጩማ ከተኳረፉ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። አባባ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ ጌታሁን ወላጆቻችን ወደሚኖሩበት ወደ ጉኑኖ ሄዶ የጓሮውን እንሰት በሙሉ ቆርጦ ባሕር ዛፍ ተከለበት። ክፋት አልነበረውም። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፣ ኮትኩቱኝ አይልም፣ የታመመ ሰው አርፎ ይቀመጥ ብሎ አሰበ። ወንድሜ ማሰብ ሲጀምር እፈራለሁ። እኛ ዘንድ የሰው ቤት የሚከበረው በጓሮው እንሰት ነው፤ ያንን ጓሮ ደግሞ የተከለችው የአባባ እናት ናት። አባባ ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ጓሮ ዞረ፣ ባዶውን አየ፣ ተመልሶ መጣና «እኔ ሳልሞት ጓሮዬን የወረስክ ሰው፣ እኔ እስካለሁ በዚህ በር አትገባም» አለው።

ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ተላከ። ሁለቱንም ጊዜ አብልቶ አጠጥቶ፣ መንገድ ድረስ በክብር ሸኝቶ፣ እምቢ አለ። አባባ እምቢ ሲል ድምፁን እንኳ ከፍ አያደርግም፤ ለዚህ ነው የሚያስፈራው።

በዚህ መሃል የጌታሁን ሚስት ሰናይት ሴት ልጅ ወለደች። በመጪው እሁድ ሰማንያ ቀን ሞልቷት ክርስትና ልትነሳ ነው። ጌታሁን አባቴ ሳይኖር የልጄን ክርስትና እንዴት እበላለሁ እያለ ይብሰከሰካል፤ ሰናይት ደግሞ የልጄን ቀን አላሳልፍም ትላለች፤ እሷም እውነቷን ነው። አንድ ቀን ቤታቸው ሄጄ ጌታሁን ልጅቷን ታቅፎ በሩን እያየ ሲቀመጥ አገኘሁት። አባባ በዚያ በር እንደማይመጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ እሱ ግን በሩን ያያል። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ ባጃጅ ውስጥ አለቀስኩ። ሦስተኛ ሽማግሌ መላክ ማለት አባባን መዳፈር ስለሆነ፣ ነገሩን ተስፋ ቆርጬበት ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ዝናቡ ፋታ ሰጠን። በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ሰማያዊ ሸራ ዘርግተን ባሕር አልነው። ዴስክ በዴስክ ላይ ደርበን ግንብ ሠራን። ሁለት የፈረስ ጋሪ ለምነን፣ ፈረሶቹን ፈትተን፣ አንሶላ ሰቅለንባቸው መርከብ አደረግናቸው። ፊት ለፊት ለሽማግሌዎች ወንበር ተደረደረ። ከሁሉም የሚበልጡት አባባ ቦልቴ መሃል ላይ ከዘራቸውን ይዘው ተቀመጡ። የቀረው ሕዝብ በየሣሩ ላይ፣ ሕፃናቱ በየአጥሩ ላይ።

ልንጀምር ስንል አንድ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመና እማዬና አባባ ወረዱ። ክው አልኩ። በእርግጥ ጠርቼዋለሁ፤ ግን ሙሉ ክረምቱን ወደ ከተማ ያልወጣ ሰው ለድራማ ይመጣል ብዬ አይደለም። እናቴ ዓመለወርቅ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ዓይኔን ሳታይ በአጠገቤ አለፈች። እማዬ ዓይኔን ካላየች የሆነ ነገር ሠርታለች ማለት ነው። አባባን ሽማግሌዎቹ «ና፣ እዚህ» ብለው ከፊት አስቀመጡት።

ሮጬ ከክፍሉ ጀርባ ሄድኩ። ጌታሁን ቀይ ካባ ለብሶ፣ ከፍየል ፀጉር የሠራንለትን ጺም በሙጫ አስለጥፎ፣ ቃሉን በለሆሳስ እየደገመ ነበር። አባባ መጥቷል አልኩት። ፊቱ ከጺሙ በላይ ያለው ሁሉ ነጣ። «ልሂድ» አለኝ። የት ትሄዳለህ፣ መርከቡን ማን ይመራዋል፣ ጺም አለህ፣ ድምፅህን ቀይር አልኩት። ድምፄን ፈልገሽ አይደል እንዴ ያስገባሽኝ አለና ተነፈሰ። እውነቱን ነው። እኔ ግን የማስበው ሌላ ነበር። አባባ ካወቀው ተነስቶ ይሄዳል፤ ሲሄድ ደግሞ ወጥመዱን ያጠመድኩት እኔ እመስለዋለሁ። ያኔ ያ የጉኑኖ በር ለሁለታችንም ተዘጋ ማለት ነው፤ ልጅቷም አያቷን ሳታውቅ ታድጋለች።

ድራማው ተጀመረ። ደግፌ ዴስኩ ላይ ቆሞ አምሮበት ነበር፤ ሕዝቡ ገና ሲያየው አጨበጨበለት። ከዚያ ጌታሁን ከጋሪው ላይ አፉን ከፈተ። ድምፁን ሊቀይር ሞከረ፣ ሦስት ቃል እንኳ አልቆየለትም፤ የመናኸሪያው ድምፅ ሜዳውን ሞላው። ወደ አባባ አየሁ። አባባ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እንደማንኛውም ተመልካች ቁጭ ብሏል። ከሽማግሌዎቹ ጋር ሲስቅም አየሁት። አላወቀውም ብዬ እፎይ አልኩ።

ነገሩ የተበላሸው የጥቃቱ ትዕይንት ላይ ነው። የስፔን ወታደር ያደረግናቸው የቶማ እግር ኳስ ተጫዋቾች ናቸው፤ የሱልጣኑ ጠባቂዎች ደግሞ የሌላው ክፍል ቡድን። ይህን ሳደርግ ምን አስቤ እንደነበር አላውቅም። በልምምዱ ቀስ ብለው ይነካኩ የነበሩት፣ ሰይፍ ያደረግናቸው ሸንበቆዎች አሁን በእውነት ይወርዱ ጀመር። አንድ ዴስክ ተንዶ ወደቀ። ባሕሩ ለሁለት ተቀደደ። አንዱ ጠባቂ አፍንጫውን ይዞ ሲያጎነብስ ጓደኞቹ ግንቡን ትተው ወደ መርከቡ ዘመቱ፣ ሕዝቡም ጮኸ። ቶማ ማስቆም ሲገባው ከጋሪው ላይ ሆኖ በክንፍ ግቡ፣ በክንፍ ግቡ ይላል።

ያኔ አባባ ቦልቴ ከወንበራቸው ተነሱ። ጎንበስ ብለው ከእግራቸው ስር አንድ እፍኝ እርጥብ ሣር ነቀሉና፣ ከዘራቸውን እየተመረኮዙ፣ ሰማያዊውን ሸራ ረግጠው ባሕሩ መሃል ቆሙ። የቀሩት ሽማግሌዎችም ሣር እየነቀሉ ተከተሏቸው። በእኛ ቀዬ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ በጠበኞች መሃል ከቆመ፣ የተነሳ ዱላ ይወርዳል፤ ሣሩን አልፎ የሚማታ የለም። ልጆቹም ስፔንነታቸውን እንደያዙ ሸንበቆአቸውን መሬት ጣሉ። ይህን ያላወቀው ደግፌ ብቻ ነው። ዴስኩ ላይ ቆሞ፣ ኑ፣ ባሕሩ መቃብራችሁ ነው የሚለውን ንግግሩን እስከ መጨረሻው ተናገረና ዞር ብሎ ሲያይ ከፊቱ ሽማግሌዎች ተሰልፈዋል።

ሮጬ ደረስኩ። አባባ ቦልቴ፣ ይሄ እኮ ድራማ ነው አልኳቸው።

«ድራማ መሆኑን አውቃለሁ» አሉኝ። «ሣር በእግሬ ስር እያለ ቁጭ ብዬ ጠብ አየሁ ልበል? እነዚህ ሕፃናት ምን ይላሉ? ተዪ ልጄ፣ ዝም በዪ።»

ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት በእሳቸው ቃል ብቻ አይደለም፤ ከተሰለፉት መሃል አባባን ስላየሁት ነው። ዕድሜውን ሁሉ ሰው ሲያስታርቅ የኖረ ሰው ነው፤ ጠብ ሲያይ እግሩ ሳያስፈቅደው ተነስቷል አልኩ በልቤ። ሣሩን ይዞ፣ በቀኝ በኩል ባለው ጋሪ ፊት ቆሟል። በጋሪው ላይ ያለው ጌታሁን ነው።

አባባ ቦልቴ ወደ ነገሩ ገቡ። ከብባችሁ የመጣችሁት በምን ምክንያት ነው ብለው ቶማን ጠየቁት። ቶማ ግራ ገብቶት ወደ እኔ አየና ለቅርንፉድ ነው አለ። ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ገበያ ወጥቶ መግዛት አይቻልም ነበር ወይ ተባለ፤ ቶማ አንገቱን ደፋ። ወደ ሱልጣኑ ዞረው ደግሞ፣ በሩን ዘግተህ ስትቀመጥ አንድ ሽማግሌ እንኳ ልከህባቸዋል ወይ አሉት። ደግፌ አልላኩም አባቴ፣ የሚላክ ሰው አልነበረኝም ብሎ ከዴስኩ ወረደ። ያን ጊዜ ነገሩ ለእሱም ድራማ መሆኑ የቀረ ይመስለኛል።

ታዲያ በእኛ ዘንድ አስታራቂዎች ፍርድ ከመስጠታቸው በፊት ታላቁ ሌሎቹን ተራ በተራ ይጠይቃል። ከገዛ ቤቱ ጋር የተኳረፈ ሰው በሌላው ጠብ ላይ ሣር አይይዝም። ይዞ ከተገኘ ወይ እዚያው ይታረቃል፣ ወይ ሣሩን መሬት አስቀምጦ በሰው ፊት ይወጣል። አባባን ሁለት ዓመት ሙሉ ለሽምግልና የጠራው ሰው ያልነበረው ለዚህ ነው። አባባ ቦልቴም ደንቡን ሊያጓድሉ አልፈለጉም። ከግራ ጀመሩ። ከቤትህ ሰው ጋር ቂም አለብህ ወይ ይላሉ፤ የለብኝም ይላል። ወደ ቀጣዩ ያልፋሉ። ሕዝቡ ቀስ በቀስ ዝም እያለ መጣ። የጉኑኖ ሰዎች ሁሉ የሚያውቁትን ያውቃሉ።

አባባ ጋ ደረሱ። «ጩማ፣ አንተስ?» አሉት በወላይትኛ።

አባባ በእጁ የያዘውን ሣር አየ። ሣሩን ቢያስቀምጥ ነገሩ ለዘላለሙ አለቀ፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ካስቀመጠው በኋላ የሚያነሳው ቃል የለም። እማዬ ከሴቶቹ መሃል ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች።

ጌታሁን ከጋሪው ወረደ። ጺሙን ከፊቱ ነቀለው፤ ሙጫው ቆዳውን ይዞት ስለነበር ጉንጩ ቀላ። አባባ ፊት ተንበረከከና፣ እሱም በወላይትኛ፣ በዚያ ትልቅ ድምፁ ሳይሆን በሌላ ድምፅ ተናገረ። «አባባ፣ እንዳትደክም ብዬ ነበር። የአያቴን የእጅ ሥራ ነው የቆረጥኩት። ስቆርጠው አላሰብኩትም፣ ፊትህን ሳይ ነው የገባኝ። ማረኝ።»

አባባ ጎንበስ አለ። ከዚያ ሣሩን ለሁለት ከፈለና ግማሹን በጌታሁን እጅ ላይ አስቀመጠ። ወደ አባባ ቦልቴ ዞረ።

«የለብኝም» አለ።

እማዬ እልል አለች። ሴቶቹ ተቀበሏት። ከኋላ ያሉት ተማሪዎች የድራማው መጨረሻ መስሏቸው ቆመው አጨበጨቡ፤ የጉኑኖ ሰዎች ግን ያለቅሱ ነበር። እኔም አለቀስኩ፤ ዓመት ሙሉ ሳስተምራቸው ቆጣ ብዬ የሚያውቁኝ ልጆች እያዩኝ አለቀስኩ። ሁለት ዓመት ደረቴ ላይ የተጫነ ነገር ሲነሳ ሄጄ የፈረሰው ግንብ ዴስክ ላይ ተቀመጥኩ። አባባ ቦልቴ ሥራቸው እንዳላለቀ አስታውሰው ሱልጣኑንና ሁለቱን አለቆች አስተቃቀፉ። ደግፌ ቶማን አቅፎ፣ እናንተ ሰዎች ሁልጊዜ እንዲህ ነው ወይ ድራማ የምታዩት ብሎ ጠየቀው። አፍንጫው የደማው ልጅ ጥጥ ወትፎ ከመታው ልጅ ጋር ዳቦ ሲካፈል አየሁ። መርከቦቹን ባለቤቶቻቸው ፈረስ አስገብተውባቸው ወሰዷቸው። የእኔን ድራማ መጨረሻ ያነበበውም ያስታወሰውም ሰው አልነበረም፤ እኔም ብሆን አላዘንኩለትም።

ሊመሽ ሲል ወላጆቻችንን ወደ ጉኑኖ ልናደርስ በጌታሁን ሚኒባስ ተነሳን። አባባ ከፊት፣ ከጌታሁን አጠገብ ተቀመጠ። እማዬና እኔ ከኋላ። ከተማውን ወጣን። ጌታሁን ጉድጓዱን ሁሉ እየተጠነቀቀ፣ እንቁላል የጫነ ያህል ቀስ ብሎ ይነዳል። ወንድሜ እንዲህ ሲነዳ አይቼ አላውቅም።

«የገዛ ልጄን ድምፅ በፍየል ፀጉር ልትደብቂብኝ ኖሯል» አለኝ አባባ ሳይዞር።

መቼ አወቅከው አልኩት። አፉን ሲከፍት አለኝ። ታዲያ ለምን አልተነሳህም ብዬ ልጠይቀው ፈልጌ እማዬ በክርኗ ጎሸመችኝ። ቀስ እያለ ነው የገባኝ። ሣሩን ይዞ ሲነሳ ሁለት ጋሪ ነበር ከፊቱ፤ የቶማ ጋሪ ለእሱ ወንበር ይቀርብ ነበር። የቆመው ግን የጌታሁን ጋሪ ፊት ሄዶ ነው። አባባ ቦልቴ ምን እንደሚጠይቁም ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ትንሽ ሄደን፣ «ያቺ ደሴት በኋላ ምን ሆነች?» አለኝ።

ልዋሸው አሰብኩ። እንደዚያ ባለ ምሽት ማን እውነት ይናገራል? ግን ለአባባ ውሸት አይሆንልኝም። ሦስት ዓመት ቆይተው ስፔኖቹ ብዙ ሆነው ተመለሱ፣ ደሴቷን ያዙ፣ ሱልጣኑንም ማርከው ወደ ማኒላ ወሰዱት አልኩት።

አባባ አሰበበት። «መጀመሪያ የሄዱት ታርቀው አይደለማ» አለ። «ባሩድ አልቆባቸው ነው።»

አዎ አባባ አልኩት።

«እኔ ባሩድ አልቆብኝ አይደለም» አለ። የሚናገረው ለእኔ አልነበረም። «ለጌታሁን ነው የምለው። ብዙ ነበረኝ። እስክሞት የሚበቃኝ ነበረኝ።»

ጌታሁን መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ። የጉኑኖ መገንጠያ ጋ ስንደርስ ፍሬቻ አሳየ። አባባ እጁን ዘርግቶ ክንዱን ያዘው።

«ወዴት ነው የምትወስደኝ?» አለው። «ልጅቷ ያለችው ሶዶ አይደለም እንዴ?»

ጌታሁን መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመ። አልቅሶ እስኪጨርስ ጠበቅነው፤ ከዚያ አዞረ።